የባቄላው ጥቁር ነጥብ

ባቄላ እሸት የሚለቅም ሰው ዓይኑም እጁም ፍሬው ላይ ነው። ቅጠሉን ማን ያየዋል? አዘዞ ውስጥ በአንድ ጓሮ፣ መስቀል ባለፈ ሳምንት፣ ቅጠሉን ያየችው የጎረቤቴ ልጅ ነበረች። «ጋሼ፣ ይሄ ባቄላ ታሟል እኮ» አለችኝ፣ ከግንዱ አጠገብ ያለ ጥቁር ነጥብ እያሳየችኝ። እናቷም ጠጋ ብላ አየችና «ዋግ ይሆናል፤ ሳይዛመት መድኃኒት ብናስረጨው አይሻልም?» አለች። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ነጥቡ አለ። ከሥር እስከ ጫፍ በእያንዳንዱ ቅጠል አንገት ላይ አለ፤ ቦታው ያው፣ መጠኑም ያው። በሽታ እንዲህ ያለ ሥርዓት አያውቅም። ደግሞ ከአንዱ ነጥብ ላይ አንዲት ጥቁር ጉንዳን አፏን ደፍታ ቆማለች፤ ጣቴን ባስጠጋባትም ንቅንቅ አላለችም።

የዚያን ዕለት ሳንረጭ ቀረን። ምክንያቱን ቆሜ በሁለት ቃል መናገር ስላልቻልኩ ይኸው ረጋ ብዬ ልጽፈው ነው።

በመጀመሪያ ቦታውን በትክክል እናግኘው። የባቄላ ቅጠል ከግንዱ ጋር በሚጋጠምበት አንገት ላይ፣ ከግራና ከቀኝ፣ ግንዱን ያቀፉ ሁለት ትናንሽ ቅጠሎች አሉ። ቅርጻቸው ጆሮ ስለሚመስል ለዚህ ጽሑፍ ያህል ጆሮ ቅጠል እንበላቸው። አንዱን በጣታችሁ ገልብጡት። በሥረኛው ገጹ ላይ ከወይን ጠጅ ወደ ጥቁር የሚያደላ ነጥብ ታገኛላችሁ። በስልክ ካሜራ አቅርባችሁ ብታዩት ልስልስ ያለ ቀለም ብቻ አይደለም፤ አጫጭር ፀጉሮች ጥቅጥቅ ብለው የበቀሉበት ቦታ ነው። እነዚያ ፀጉሮች እጢዎች ናቸው። ቅጠሉ ከፀሐይ ብርሃን የሠራውን ስኳር ወደ ሥርና ወደ ፍሬ የሚያደርሰው የተክሉ ቧንቧ እስከ ሥራቸው ድረስ ቅርንጫፍ ልኳል። ከዚያ ተጣርቶ በፀጉሮቹ ጫፍ የሚወጣው ጠብታ ጣፋጭ ነው፤ የሸንኮራው፣ የወይኑና የፍራፍሬው ስኳር ሦስቱም አሉበት። ጉንዳኗ አፏን የደፋችበት ይኸው ነው።

ጣፋጭ የተክል ፈሳሽ ሲባል ሁላችንም የምናስበው አበባን ነው። ንብ ቀሰመች ስንል ከአበባ ማለታችን ነው። ሳይንሱ ኔክታር የሚለውን ይህን ፈሳሽ እኔ እዚህ ወለላ እለዋለሁ። ቃሉ የማር ስለሆነ ንብ አናቢዎች ይቅር ይበሉኝ። የአበባው ወለላ ዓላማ ግልጽ ነው፤ ንብ ልትጠጣ ስትመጣ ዱቄቱን ካንዱ አበባ ወደ ሌላው ታደርሳለች። ታዲያ ከአበባው ርቆ፣ ዱቄትም ዘርም በሌለበት፣ ቅጠል ሥር ወለላ ማፍሰስ ምን የሚሉት ብክነት ነው? የባቄላው እጢ ደግሞ ገና አንድም አበባ ሳይፈነዳ ነው ሥራ የሚጀምረው።

ጥያቄው ትልልቅ ሰዎችን አከራክሯል። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ዝርያዎች አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፉ፣ አንዳንድ የባቄላ ወገን ተክሎች በጆሮ ቅጠላቸው ሥር የሚያወጡትን ጣፋጭ ፈሳሽ ጎጂ ነገር ከውስጣቸው የሚያስወግዱበት አድርጎ ነው የቆጠረው። እንደ ላብ ማለት ነው። በ1876 ባወጣው ሌላ መጽሐፍ ደግሞ በባቄላ የቅርብ ዘመድ ላይ ያየውን ጽፏል፦ ፀሐይ ስትወጣ ፈሳሹ ይወጣል፣ ንቦችም ይመጣሉ፤ ደመና ሲጋርዳት ፈሳሹ ይቆማል፣ ንቦቹም ይሄዳሉ። ዓይኑ አልሳተም። ጓሮ ውስጥ እንደዚያ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው እስከ ዛሬም ጥቂት ነው። ትርጓሜው ላይ ግን ሌሎች ቀደሙት። ኒካራጓ ውስጥ በወርቅ ማዕድን መሐንዲስነት ይሠራ የነበረው ቶማስ ቤልት በ1874 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ትልልቅ ቀንድ መሳይ እሾህ ባለው አንድ የግራር ዓይነት ላይ የሚኖሩ ጉንዳኖች የዛፉ ወታደሮች መሆናቸውን ጻፈ፤ ዛፉ ይቀልባቸዋል፣ እነሱም ይጠብቁታል አለ። ጣሊያናዊው የዕፅዋት ሊቅ ፌዴሪኮ ዴልፒኖም በዚያው ዘመን ተመሳሳይ ሐሳብ ለብዙ ተክሎች አቀረበ። ዳርዊን የቤልትን ምስክርነት ቢቀበልም እንዲህ ያለው እጢ ሁሉ ለዘበኛ ተብሎ የተሠራ ነው ብሎ ለማመን ተቸግሯል።

ክርክሩን በሙከራ የፈተነው ከዘጠና ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ዳንኤል ጃንዘን ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ከእነዚያው ግራሮች ላይ ጉንዳኖቹን አስወገደና ምን እንደሚሆኑ ተከታተለ። ጉንዳን ያጡት ዛፎች በነፍሳት ተበሉ፣ ሐረግ ወረሳቸው፣ ብዙዎቹም ሞቱ። ውጤቱ የታተመው በ1966 ነው። ከዚያ ወዲህ ጉንዳንን ከተክል ላይ ከልክሎ ጉዳቱን መቁጠር የተለመደ የምርምር ዘዴ ሆነ። በ2009 የብራዚል ተመራማሪዎች እነዚህን ሙከራዎች ሰብስበው ሲመዝኗቸው፣ ጉንዳን የተከለከለ ተክል ካልተከለከለው በአማካይ ሁለት እጥፍ ገደማ እንደሚበላ አገኙ።

አሁን ጉንዳኗን እንወቃት። መጽሐፈ ምሳሌ ሰነፉን ሰው ወደ ገብረ ጉንዳን ይልከዋል፤ እኛም እንሂድ፣ ግን ስለ ትጋቷ ሳይሆን ስለ ሆዷ ለማወቅ። ሠራተኛ ጉንዳን፣ ያቺ ከጉድጓድ ወጥታ የምትንከራተተው፣ ሴት ናት። ወገቧ ከክር የቀጠነ ስለሆነ ጠጣር ምግብ አታሳልፍበትም፤ የምትኖረው በፈሳሽ ነው። ስለዚህ ስኳር ለእሷ የጉልበት ቀለቧ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ያሉት እጮች ግን ለማደግ ሥጋ ይፈልጋሉ። እንግዲህ ጉንዳኗ ባቄላው ላይ ወጥታ ወለላ ጠጥታ ስትመለስ፣ መንገድ ላይ የእሳት ራት እንቁላል ወይም ለስላሳ ትል ካገኘች ለልጆች ይዛ ትሄዳለች። ተክሉ ትል እንድትገድል የሚያዝበት ምላስ የለውም፤ እሷም ባቄላውን አዝናለት አይደለም የምትጠብቀው። በየቅጠሉ አንገት ላይ ጥቂት ጠብታ ካለ፣ ጉንዳን ከሥር እስከ ጫፍ ትመላለሳለች፤ ስትመላለስ ያገኘችውን ትለቅማለች፤ ጠብታዋን ሊሻማ የመጣውን ትነክሳለች። ጥበቃ ማለት ይኸው መመላለሷ ነው። በወታደር ካምፕ አጠገብ ያደገ የአዘዞ ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ቀለብ በአንድ ቦታ ብቻ ቢታደል ሮንድ የሚዞር አይኖርም ነበር።

ወጪውም ቢሆን እንደሚመስለው ከባድ አይደለም። ለተክል ስኳር ርካሽ ነው፣ ፀሐይ ካለች ይሠራዋል። ውዱ ናይትሮጅን ነው። ለዚህ ነው ወለላው ውስጥ ስኳሩ በዝቶ፣ ከናይትሮጅን የሚሠራው አሚኖ አሲድ ጥቂት ብቻ የሚጨመረው።

ቀለቡ ለምን ከአበባው ይራቃል? ጉንዳን ለአበባ መጥፎ እንግዳ ናት። የባቄላ አበባ የሚጠብቀው ንብን ነው፤ ጉንዳን ካለችበት ንብ ትሸሻለች። ጉንዳን ራሷም ዱቄት አስተላልፋ አትጠቅምም፤ ብዙዎቹ የጉንዳን ዓይነቶች ጀርም ለመከላከል ሰውነታቸውን የሚቀቡት ፈሳሽ የአበባውን ዱቄት ኃይል ያዳክማል። ስለዚህ ባቄላው ሁለት ማዕድ ዘርግቷል፦ ላይ በአበባው ውስጥ ለንብ፣ ታች በቅጠሉ ሥር ለጉንዳን። ሁለቱን እንግዶች ባንድ ማዕድ ማስቀመጥ የማይበጅ መሆኑን የጎንደር እናቶች ሳይነገራቸው ያውቃሉ።

እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን የቀለቡ መጠን ነው። በ2003 ኤድዋርድ ሞንዶርና ጆን አዲኮት የተባሉ በካናዳ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የባቄላ ቅጠል ሆን ብለው ቆራረጡ። በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በተቆረጡት ባቄላዎች ላይ የጥቁር ነጥቦቹ ቁጥር ካልተነኩት ይልቅ በጣም ጨመረ። ይኸው እኛ በጓሯችን የምናውቀው ባቄላ ነው። በሌሎች ተክሎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች መንገዱን አሳይተዋል፦ ትል ቅጠል ሲበላ ተክሉ ውስጥ ጃስሞኒክ አሲድ የሚባል ቅመም ይበዛል፤ እሱም እጢዎቹን ወለላ እንዲጨምሩ ያዛል። ሊማ ባቄላ በሚባለው ዓይነት ላይ ደግሞ የተበላው ቅጠል የሚያወጣው ሽታ ብቻውን ገና ያልተነኩትን ቅጠሎች ወለላ እንዲያበዙ እንደሚያነቃቸው ማርቲን ሃይልና ባልደረባው በ2007 አሳይተዋል። ሰላም ሲሆን ጥቂት ዘበኛ፣ ጠላት ሲመጣ ክተት ማለት ነው።

ከጓሮው እንውጣ። እንዲህ ያለ ከአበባ ውጭ ያለ የወለላ እጢ በዓለም ላይ ወደ 4,000 በሚጠጉ የተክል ዝርያዎች ታውቋል፤ ከ100 በላይ ቤተሰቦች ውስጥ የተበተኑ ናቸው። ከአዘዞ ወደ ጎንደር ሽቅብ ስትሄዱ በየአጥሩ የምታገኙት ብሳና አንዱ ነው፤ ቅጠሉ ከዘንጉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሁለት ጉብ ጉብ ያሉ እጢዎች አሉት። አዲስ ምጣድ የሚሟሽበት ጉሎ ከሁሉም ይልቅ ለማየት ይቀላል፤ በቅጠሉ ረጅም ዘንግ ላይ ኪንታሮት የመሰሉትን እጢዎች ያለ መነጽር መቁጠር ይቻላል። ለማስተማር የሚፈልግ መምህር በጉሎ ይጀምር። ኮክም አለው። ብዙዎቹ የግራር ዓይነቶች አላቸው። ወደ መተማ ቆላ ስንወርድ ደግሞ የገበሬው ሁለት ትልልቅ የገንዘብ ሰብሎች፣ ሰሊጥና ጥጥ፣ ሁለቱም ባለ እጢ ናቸው። የሰሊጡ አስገራሚ ነው፤ በአበባው እግር ሥር ያሉት ቢጫ እጢዎች አበባ መሆን ጀምረው የቀሩ እንቡጦች ናቸው። የጥጡ በቅጠሉ ጀርባ፣ በመካከለኛው ጅማት ላይ ነው።

ጥጡ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ነገሩ ሁሉ ለተክሉ እንደማይቀና የሚያሳየው እሱ ነውና። ወለላ ዘበኛን ብቻ አይጠራም። ልጆቿ ጥጡን የሚበሉ የእሳት ራትም ወለላውን ትጠጣለች። አሜሪካኖች ይህን አይተው፣ እጢ ከሌለው የሃዋይ የዱር ጥጥ ጋር በማዳቀል ወለላ የማያወጣ ጥጥ አወጡ። አንዳንድ ተባዮች በእርግጥ ቀነሱ። ግን ከእነሱ ጋር ትል የሚበሉት ጠቃሚ ነፍሳትም ማዕዳቸውን አጡ። እንደኔ ከሆነ፣ ሰው ዘበኛውን ያባረረው ሌባው ከዘበኛው ሳህን እየቀማ ስለበላ ነው።

ተክሉም ቢሆን የዋህ አሠሪ አይደለም። ማርቲን ሃይልና ባልደረቦቹ በ2014 እንዳሳዩት፣ የሜክሲኮው ባለ ቀንድ ግራር ወለላው ውስጥ አንድ ፕሮቲን ይጨምራል፤ ይህ ፕሮቲን የጉንዳኑን የራሱን የስኳር ማፍጫ ያመክናል። አንድ ጊዜ የቀመሰ ጉንዳን ከዚያ ወዲያ ተራውን ስኳር መፍጨት አይችልም፤ የሚስማማው ግራሩ አስቀድሞ ፈጭቶ የሚሰጠው ወለላ ብቻ ይሆናል። ባቄላችን እዚህ ድረስ አልሄደም። የእሱ ዘበኞች ቤታቸው መሬት ውስጥ ነው፤ ከፈለጉ ይመጣሉ፣ ካልፈለጉ ይቀራሉ።

የዚህ ውል መፍረስ ምን እንደሚያስከትል በግልጽ የታየው በጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ነው። በላይኪፒያ ሜዳ ንፋስ ሲመታው የሚያፏጭ ግራር አለ፤ የእኛም አገር ግራር ነው። እሾሁ ሥር ያበጡ ባዶ ኳሶች ስላሉት ጉንዳኖች ይበሷቸውና ይኖሩባቸዋል፤ ንፋስ በቀዳዳው ሲገባ ያፏጫል። ወለላም ይሰጣቸዋል። እነሱም ቀጭኔና ዝሆን ሊበላው ሲመጣ አፍንጫና ከንፈር ላይ ይሰፍራሉ። በ1995 ተመራማሪዎች በዚያ ሜዳ አንዳንድ ቦታዎች ላይ ትልልቅ እንስሳት እንዳይገቡ የኤሌክትሪክ አጥር አጠሩ። ማንም የሚጠብቀው ግራሩ እፎይ ብሎ እንዲያድግ ነው። ቶድ ፓልመርና ባልደረቦቹ በ2008 ያሳተሙት ውጤት ግን ሌላ ሆነ። ጠላት ሲጠፋ ዛፎቹ ወለላውንም ያበጠውን እሾህም ቀነሱ። ቀለብ ያነሳቸው ዘበኞች መንጋቸው ሳሳ፤ ቦታቸውን ዛፉን የማይጠብቅ ሌላ የጉንዳን ዓይነት ያዘው። ያ ጉንዳን የሚኖረው ጥንዚዛ በቦረቦረው ቀዳዳ ስለሆነ ጥንዚዛው ዛፉን ሲበላ ደስታው ነው። ይህ ጉንዳን የያዛቸው ዛፎች ዕድገታቸው ዘገየ፣ የሞት መጠናቸውም እጥፍ ሆነ። ዝሆንን ማገድ ዛፉን ገደለው።

በዚያው ሜዳ በ2024 የወጣ ጥናት ደግሞ ሰንሰለቱን እስከ አንበሳ አደረሰው። ከውጭ የገባ ባለ ትልቅ ጭንቅላት ጉንዳን ነባሮቹን ዘበኞች ፈጃቸው፤ ዝሆኖች ያለ ሥጋት ግራሩን ሰባበሩት፤ ሜዳው ገላጣ ሲሆን አንበሳ ተደብቆ የሜዳ አህያ መያዝ አቃተውና ፊቱን ወደ ጎሽ አዞረ።

ወደ ባቄላው እንመለስና የጉንዳንን ድክመት ደግሞ በሐቅ እንናገር፤ ካልሆነ ገበሬውን እናታልላለን። ጉንዳን ፈንገስ አታባርርም። ቅጠሉ ላይ ያለ ሥርዓት የሚበተነው ቡናማ ጠባሳ በሽታ ነው፣ የራሱ መላ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ክሽክሽ ነው። ክሽክሽ የባቄላውን ጭማቂ መጦ ትርፉን ከኋላው ጣፋጭ አድርጎ ያወጣዋል፤ ጉንዳን ደግሞ ለስኳር ስትል ያንኑ ትልሳለች፣ እንደ ላም ታልበዋለች፣ ጠላቱንም ታባርርለታለች። ክሽክሽ የሰፈረበት ባቄላ ላይ ጉንዳኖች የተክሉን ነጥብ ትተው ወደ ክሽክሹ ሲጎርፉ ይታያል። ስለዚህ ባቄላ ላይ ጉንዳን አየሁ ማለት ብቻ አይበቃም፤ የት ቆማ አየኋት ነው ጥያቄው። ጆሮ ቅጠሉ ነጥብ ላይ ከሆነች ቀለቧን እየበላች ነው። ለስላሳው ቀንበጥ ላይ በክሽክሽ መሐል ከሆነች ግን ጠላት ገዝቷታል።

የነጥቡን ቀለም በተመለከተም ልጨምር። ንጹሕ ነጭ አበባ የሚያወጡ አንዳንድ የባቄላ ዝርያዎች ላይ ጥቁሩ ቀለም የለም፣ አዳቃዮችም በዚህ ይለዩዋቸዋል። ነጥቡ ስላልታየ እጢው የለም ማለት አይደለም።

አሁን እንግዲህ የጎረቤቴን ጥያቄ መመለስ እችላለሁ፦ አይረጭ፤ ነጥቡ በሽታ አይደለም። ተባይ የሚገድል መርጫ ትሉንም ዘበኛዋንም አይለይም፤ ትሉ ግን ከጎረቤት ማሳ ቶሎ ይመለሳል።

እኔን ማመን ካልፈለጋችሁ ጓሮ ያለው ሰው ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሙከራ ሊያደርግ ይችላል። አበባ ያላወጡ፣ ቁመታቸው የተቀራረበ ስድስት ባቄላ ምረጡ። በሦስቱ ግንድ ዙሪያ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ወፈር አድርጋችሁ ቫዝሊን ቀቡ፤ ጉንዳን አታልፈውም። ከመቀባታችሁ በፊት ላይ ያሉትን ጉንዳኖች አራግፉ። ሦስቱን እንዳሉ ተዉአቸው። ዝናብ ቫዝሊኑን ካጠበው ድገሙት። በየሳምንቱ ጠዋት፣ ጤዛው ሲደርቅ፣ የተበሉትን ቅጠሎች ቁጠሩና ልጆቹ ደብተር ላይ ይጻፉት፤ በዚያው የጥቁር ነጥቦቹንም ብዛት። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ የተቀባው ባቄላ ቅጠል ከጎረቤቱ ቅጠል ጋር እንዳይነካካ። ከተነካካ ለጉንዳን ድልድይ ነው፣ ቫዝሊናችሁ በከንቱ ቀረ።